በጾም ቀን የያዝኋት ዓሣ

ነሐሴ 14 ቀን ነበር፤ የቡሄ ማግሥት። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ባሕሩን ወተት የተቀላቀለበት ሻይ አስመስሎት አድሯል። ወደ ዘጌ የሚሄዱ ጀልባዎች ከሚነሡባቸው መቆሚያዎች በአንደኛው ጫፍ ላይ ቆሜ አንዲት ዓሣ በቀጭን ክር ያዝሁ፤ ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ታገልኋት፤ ከዚያም ወደ ውኃው መለስኋት። በዚያች ቅጽበት ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ ግን አንዲት ጥያቄ ጠየቁኝ፤ መልስ አላገኘሁላትም። ወራት አለፉ። ጥያቄዋ አሁንም በሌሊት እየቀሰቀሰችኝ ነውና ልጽፋት ተነሣሁ።

ባሕር ስል ጣናን ማለቴ ነው። በእኛ አገር «ሐይቅ» የመማሪያ መጽሐፍ ቃል ነው። እናቶቻችን «ባሕሩ ዛሬ ተቆጥቷል» ይላሉ እንጂ ሐይቁ ተቆጣ አይሉም፤ ከተማችንም ስሟን ያገኘችው ከዚሁ አነጋገር ነው። ጨው የሌለው፣ ከጨረቃ ጋር የማይሞላና የማይጎድል ባሕር ነው፤ ለእኛ ግን ባሕር ነው።

ከጅቡቲ የመጣው ዘንግ

ዘንጉን ያመጣልኝ የእህቴ ባል ነው። ከባድ መኪና ያሽከረክራል፤ ጅቡቲ ወደብ ላይ ጭነት እስኪደርሰው ድረስ ቀናት የሚጠብቅበት ጊዜ አለ። በዚያ ሙቀት ቀን ላይ ከጥላ የሚወጣ ሰው የለም። ማታ ማታ ግን ወደ ባሕሩ በገባው መቆሚያ ጫፍ ላይ ሰዎች ቀጫጭን ዘንግ ይዘው ዓሣ ሲያጠምዱ ያያል። መጀመሪያ ቆሞ አየ። ቀጥሎ አጠገባቸው ተቀመጠ። በሦስተኛው ጉዞው የራሱን ዘንግ ገዛ፤ ከዓመት በኋላ ደግሞ ለእኔ አንድ ጨምሮ መጣ።

ስለዚያ ባሕር ሲያወራ ፊቱ ይበራል። ውኃው ይሞላል፣ ተመልሶም ይጎድላል። ሲሞላ ትናንሾቹ ዓሦች ምግብ ፍለጋ እስከ መቆሚያው ምሰሶዎች ድረስ ይጠጋሉ፤ ትልልቆቹ ደግሞ ትናንሾቹን ተከትለው ይመጣሉ። አጥማጁ የሚጠብቀው ውኃው የሚዞርባትን ሰዓት ነው። ወደ መኪናው ሲመለስ ክሩ የሚጠቀለልበትን ማጠንጠኛ ጨው በሌለው ውኃ ያጥባል፤ አንድ ቀን ከዘነጋ ጨው ብረቱን ይበላዋል። ይህን ሁሉ ስሰማ ጣና ላይ የምጠብቀው ነገር ምን እንደሚሆን አሰብሁ። እኛ ዘንድ የሚዞረው ነፋሱ ነው። ጠዋት ባሕሩ እንደ መስተዋት ይተኛል፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ከውኃው ወደ ከተማው ይነሣል። ያን ጊዜ ቀጭን ክር ሆድ ያወጣል፤ የዓሣን ንክሻ ወደ እጅ አያደርስም። ስለዚህ የእኔ ሰዓት ጎሕ ሲቀድ ሆነ።

ዘንጉ ሁለት ሜትር ከዐሥር ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ጫፉ ከስንደዶ ብዙም አይወፍርም። የተጠመጠመበት ክር ሁለት ኪሎ የሚችል ነው። ከዚያ በላይ ከተጎተተ ይበጠሳል፤ ቋጠሮው ላይ ሲሆን ደግሞ ከዚያም ባነሰ ኃይል ይበጠሳል። ቋጠሮ ከመጥበቁ በፊት በምራቅ የሚርሰው ለዚህ ነው። ደረቅ ናይለን ሲጠብቅ እርስ በርሱ ተፋትጎ ይግላል፣ የጋለ ናይለን ደግሞ ጉልበቱን ያጣል። ማጠንጠኛው ፍሬን አለው፤ ዓሣው ከተወሰነ ኃይል በላይ ሲጎትት ክሩ ሳይበጠስ እየተለቀቀ ይሄዳል። ይህንን ፍሬን የእህቴ ባል ያስተካከለልኝ በእናቴ ጓሮ ነበር። ግማሽ ኪሎ ስኳር በፌስታል አድርጎ ከክሩ ጫፍ አንጠለጠለ፤ ዘንጉን ቀና አድርጎ ያዘ፤ ፌስታሉ ቀስ ብሎ መውረድ እስኪጀምር ድረስ ፍሬኑን አላላው። «የክሩ አቅም ሩብ ነው፤ ከዚህ አታጥብቀው» አለኝ። «ማጥበቅ ባማረህ ቁጥር አላላው።»

ይህ አነጋገር ልቤን ገዛው። እኔ ያደግሁት በመጎተት ነው። እኛ ዘንድ ልጅ ገመድ ከያዘ ይጎትታል፤ በሬ፣ ውኃ መቅጃ፣ ጀልባ፣ ሁሉም በጉልበት ይመጣል። በሁለት ኪሎ ክር ግን ጉልበት ዋጋ የለውም። ዓሣው ሲሮጥ ትሰጠዋለህ፣ ሲያርፍ ትወስዳለህ፣ እንደገና ትሰጠዋለህ። ከዚህ ተነሥቼ በራሴ ላይ አንድ እምነት ገነባሁ። በወፍራም ክር ዓሣ ማውጣት ዝርፊያ ነው፤ በቀጭን ክር ሲሆን ግን ዓሣውም የማሸነፍ ዕድል አለው፤ ስለዚህ ቀጭን ክር ፍትሕ ነው አልሁ። ለሰውም እንዲህ ብዬ አስረድቻለሁ። ለሁለት ዓመት ያህል የያዝሁትን ሁሉ እየለቀቅሁ፣ አንድ ዓሣ እንኳ ሳልገድል፣ ይህንን እምነቴን ይዤ ወደ ባሕሩ ወጣሁ ገባሁ።

በመቆሚያው ላይ ብዙ ጊዜ የማገኛቸው አንድ ሽማግሌ አሉ። ስማቸውን አልጽፍም፤ እኔ የምጠራቸው አያ ብዬ ነው። ዘንግ የላቸውም። ወፍራም ናይለን በውኃ መያዣ ፕላስቲክ ላይ ጠምጥመው፣ ከጫፉ መንጠቆና እርሳስ አስረው፣ ትል ሰክተው ወደ ውኃው ይወረውሩታል። ክሩን በሌባ ጣታቸው ላይ ያሳርፉታል፤ ዓሣ ሲነካው አንድ ጊዜ ቀጨም አድርገው ይጎትታሉ። ቆሮሶም ይሁን አምባዛ፣ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ መቆሚያው ላይ ነው። ከጎናቸው አጭር የወይራ ዱላ ትቀመጣለች። አንድ ጊዜ አናቱን ይመቱትና በረጠበ ጆንያ ጠቅልለው ጥላ ውስጥ ያስቀምጡታል። ይህንን ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞር ነበር።

ሃያ አምስት ደቂቃ

የዚያን ጠዋት ክሩ ላይ የታሰረው ተንሳፋፊዬ እንደ ሌላው ቀን አልተነቀነቀም። በአንድ ጊዜ ጠፋ። ዘንጉን ቀና ሳደርግ ጫፉ ወደ ውኃው ታጥፎ ቀረ፤ ማጠንጠኛው እስከዚያ ቀን ሰምቼው የማላውቀውን ድምፅ አሰማ። ክሩ ማለቂያ የሌለው ይመስል ይወጣል። እኔ እጄን ፍሬኑ ላይ እንዳላሳርፍ ከራሴ ጋር እየታገልሁ ነው። ወደ ክፍት ውኃ ሠላሳ፣ ምናልባትም አርባ ሜትር ያህል ሄደችና ቆመች። ማጠንጠን ጀመርሁ። ዐሥር ሜትር ወሰድሁ፤ ዐሥራ አምስት ወሰደችብኝ።

ከዚያ ወደ ምሰሶዎቹ ዞረች። መቆሚያ ላይ የሚያጠምድ ሰው ከዚህ በላይ የሚፈራው ነገር የለም። ምሰሶዎቹ በውኃው ውስጥ ሻካራ ናቸው፤ ቀጭን ክር አንድ ጊዜ ከታከካቸው አለቀለት። ዘንጉን ወደ ባሕሩ ዘርግቼ፣ ጫፉን ወደ ውኃው ዝቅ አድርጌ፣ በመቆሚያው ዳር በጎን እየሄድሁ አራቅኋት። ጀልባ የሚጠብቁ ተሳፋሪዎች ተሰበሰቡ። አንዱ «ያዘው! ያዘው!» ይላል፤ ሌላው «ልቀቅለት!» ይላል። ጊዜው ሲሄድ ሩጫዎቿ አጠሩ። አንዴ ብቅ አለችና ጎኗ አብረቀረቀ፤ ጣና ላይ ነጭ ዓሣ ከምንለው ወገን ናት፤ ከጠበቅሁት በላይ ትልቅ ናት። ሁለተኛ ብቅ አለች። በሦስተኛው በጎኗ ተኛች፤ የጉንጯ ክዳን በሰፊው ይከፈታል፣ ይዘጋል።

መረብ አልነበረኝም። በደረቴ ተኝቼ ጎንበስ ብዬ በእጄ አወጣኋት። ሁለት ኪሎ ተኩል ትሆናለች ብዬ ገመትሁ፤ ርዝመቷ ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ ካለው ይበልጣል። ከአፏ ግራና ቀኝ አራት ጢም አላት። ጣቴን አፏ ውስጥ ባስገባም የሚነክስ ጥርስ የለም፤ የዚህ ወገን ዓሦች ጥርሳቸው በጉሮሯቸው ውስጥ ነው። እንዲያም ሆኖ ከመካከላቸው ሌሎች ዓሦችን እያሳደዱ የሚበሉ አሉ፤ ይህ በዘመዶቻቸው ዘንድ ብዙም የማይታይ ነገር ነው። ተመራማሪዎች በዓለም ላይ ከጣና በቀር በየትም የማይገኙ ዐሥራ አምስት ዝርያዎች ከዚህ ወገን ቆጥረዋል። ጥልቀቱ ከ14 ሜትር በማይበልጥ ባሕር ውስጥ ይህን ያህል መባዛታቸው፣ ከታች በኩል ጢስ ዓባይ እንደ ቅጥር ቆሞ ከዓባይ ዓሦች ስለለያቸው ነው ይባላል። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጥቶ ለአንዳንዶቹ ሳይንሳዊ ስም ሰጥቷቸዋል። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ዐውቄ ነው እንግዲህ ከሲሚንቶው ላይ ያስቀመጥኋት።

አንድ ወጣት ስልኩን አውጥቶ «ከፍ አድርጋት» አለኝ። ከፍ አደረግኋት። አንድ ፎቶ አነሣ። «ፀሐይ መጣችብን፤ በዚህ በኩል ዙር» አለኝ። ዞርሁ። ሁለተኛ አነሣ፤ ሦስተኛ። በዚህ መካከል ከሆዷ ሥር ፍሬዎች እየወጡ በአንጓዬ ላይ ወረዱ። መጠናቸው ዳጉሳ የሚያህል፣ ቀለማቸው የንብ ሰም። እንቁላል ነው።

አያ ክራቸውን ሳያነሡ ወደ እኔ ዞሩ።

«ትበላታለህ?»

«አልበላትም አያ፤ ጾም ነው።»

«ትሸጣታለህ?»

«አልሸጣትም። እለቃታለሁ።»

ትንሽ ዝም አሉ። «እኔም ጾም ላይ ነኝ» አሉ። «የማጠምደው ለሚበላ ሰው ሸጬ የቤቴን ዱቄት ልገዛበት ነው። ጾም ላይ ያለ ሰው፣ የማይበላውንና የማይሸጠውን ለምን ይይዛል?»

በቁጣ አልነበረም የተናገሩት። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። የማያውቁትን ነገር ለማወቅ እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቁኝ፤ ፊቴን እያዩ መልሴን ጠበቁ። «ለደስታዬ» ልል አፌን ከፈትሁ፤ እንቁላሎቹ እጄ ላይ ነበሩና ቃሉ አልወጣ አለ። ጎንበስ ብዬ ውኃው ላይ አስቀመጥኋት። ቀስ ብላ ሰመጠች። ከተሳፋሪዎቹ አንዲት እናት «ጽድቅ ነው ልጄ፤ እግዜር ይስጥህ» አሉኝ።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ከምሰሶዎቹ መካከል ነጭ ነገር ተንሳፈፈ። ሆዷ ወደ ላይ ነው። የጉንጯ ክዳን አንድ ጊዜ ተከፈተ፤ ሁለተኛውን ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ከወዲያ ማዶ አንድ ፔሊካን አየና እየቀዘፈ መጣ። አያ በረጅም እንጨት ወደ ዳር ሳቡዋትና አወጧት። ቢላቸውን አውጥተው ሆዷን ቀደዱት። ሁለቱም ጎኖች እስከ ደረቷ ድረስ በእንቁላል የተሞሉ ነበሩ፤ ለሆድ ዕቃዋ ቦታ የቀረ አይመስልም። «ወደ ወንዝ ልትወጣ ቀን ቆርጣ ነበር» አሉ፤ እጃቸውን ታጠቡ። ከዚያ ዓሣዋን በመቆሚያው ላይ ወደ እኔ ገፋ አደረጓት።

«ያንተ ናት» አሉኝ።

በፌስታል ይዣት ወደ ቤት ሄድሁ። እናቴ በፍልሰታ ዓሣ ወደ ቤቷ አታስገባም፤ በሩ ላይ ቆሜ ሁኔታውን ነገርኋት፤ ምንም ሳትል ወደ ጎረቤታችን ቤት ጠቆመችኝ። ጎረቤታችን ሙስሊም ናቸው። በማታ ልጃቸውን ልከው ምስጋና አደረሱኝ፤ ለስድስት ሰው በቅታለች አሉ። ከዚያ ቀን የማስታውሰው በጎ ነገር ይህ ብቻ ነው።

ፍትሕ የመሰለኝ ነገር

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይባላል። እኔ ከዚያ በኋላ ዓሣዋ ለምን እንደ ሞተች ስጎረጉር ያገኘሁት ዘንዶ ይኸው ነው።

ዓሣ በዝግታ ሲዋኝ ከውኃው በሚያገኘው ኦክስጅን ይንቀሳቀሳል። ነፍሱን ለማዳን ሲሮጥ ግን የሚሠራው ሌላው፣ ነጩ ሥጋው ነው፤ ያ ሥጋ ኦክስጅን ሳይጠብቅ ኃይል ያወጣል፤ በምትኩም አሲድ ያጠራቅማል። ሩጫው በአንድ ደቂቃ ቢያልቅ ዓሣው ያገግማል። ሃያ አምስት ደቂቃ ሲሆን ግን ደሙ ራሱ ይመርዘዋል፤ ያንን ለማጽዳት ሰዓታት ይፈጅበታል፤ ለማጽዳትም ኦክስጅን ያስፈልገዋል። ልክ በዚያ ሰዓት እኔ ከውኃ አውጥቼ ለፎቶ ያዝኋት። ከውኃ የወጣ ዓሣ መተንፈሻው እንደ ረጠበ ወረቀት እርስ በርሱ ይጣበቃል። ከዚህም ሌላ ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ውኃው በዝቅተኛ ቦታ ካለ ተመሳሳይ ውኃ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያነሰ ኦክስጅን ይይዛል። በደረቅ እጄ ስይዛት ደግሞ ቅርፊቷን የሚጠብቀውን አሙለጭላጭ ሽፋን ገፍፌባታለሁ። ዓሣ ዋኝቶ ከእጅህ ስለ ሄደ ብቻ ተረፈ ማለት አይደለም። በሁለት ዓመት ውስጥ «ለቀቅኋቸው» ያልኋቸው ስንቶቹ ከዓይኔ ርቀው እንደ ሞቱ ማን ይነግረኛል?

ወቅቱም ሌላ ጥፋት ነበር። ከነጭ ዓሦች ብዙዎቹ በክረምት፣ ወንዞች ሲሞሉ፣ በወንዝ አፍ ይሰበሰቡና ወደ ላይ ይወጣሉ። ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ በእኛ በኩል ደግሞ ከሰከላ የሚነሣው ግልገል ዓባይ አሉ። ጠጠር ባለበት፣ ጥሩ አየር በሚያገኝ ፈጣን ውኃ ውስጥ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ያቺ ዓሣ ወደ የትኛው ወንዝ ትሄድ እንደ ነበር አላውቅም። ሙሉ ሆዷን ይዛ ስትሄድ ግን በመንገዷ ላይ የእኔን መንጠቆ አገኘች።

«የአንተ አንዲት ዓሣ ምንድን ናት? የወንዙን አፍ በመረብ የሚዘጉት ናቸው የጨረሱት» ያለኝ ጓደኛ አለ። እውነቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ እስኪመጣ ድረስ ጣና ላይ ዓሣ የሚጠመደው በደንገል ታንኳ ነበር። ከዚያ በኋላ በወንዝ አፍ ላይ ለእንቁላል የተሰበሰበውን ዓሣ በመረብ ማንሣት ቀላል ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ድረስ ባሉት ዐሥር ዓመታት ብቻ፣ በባሕር ዳር በኩል ባለው የባሕሩ ክፍል የነጭ ዓሣው ክምችት 75 በመቶ ያህል መቀነሱ ተመዝግቧል። በገባሮቹ ወንዞች ላይ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ በመጨመር ዓሣ የማደንዘዝ ልማድም አለ፤ ብርብራው ትልቅና ትንሽ አይለይም። እነዚህ ሁሉ ከእኔ ዘንግ ጋር አይወዳደሩም።

ነገር ግን እኔን የሚያሳስበኝ የጉዳቱ መጠን አይደለም። መረብ የሚጥለው ሰው ራቴን ብሎ ነው፤ ጥፋቱም ስም አለው፣ ሊከለከል ይችላል፣ ሊመከርም ይችላል። እኔ ግን የሠራሁትን ፍትሕ ብዬ ጠራሁት። ስሙን ካሳመርሁት በኋላ ማን ይመክረኛል? ክሩ ሲቀጥን ትግሉ ይረዝማል፤ ትግሉ ሲረዝም ለእኔ ችሎታዬ ይታያል፣ ለእርሷ ደግሞ ሞቷ ይቀርባል። በመቆሚያው ላይ ተሰብስቦ ያደነቀኝ ሰው ያደነቀው የእርሷን ጣር ርዝመት ነበር። አያ በወፍራም ክር የሚያወጡት ዓሣ የሚሠቃየው አንድ ደቂቃ ነው። ፊቴን አዞርባት የነበረችው የወይራ ዱላ፣ በዚያ መቆሚያ ላይ ከነበረው ነገር ሁሉ ለዓሣ የምትራራ እርሷ ነበረች። ይህንን ለመቀበል ሳምንታት ፈጅቶብኛል፤ አሁንም ስጽፈው ጉሮሮዬን ይይዘኛል።

የእህቴ ባል ክርክር

በመስከረም የመስቀል ዕለት የእህቴ ባል ከጉዞ ሲመለስ ሁሉንም ነገርሁት። ዘንጉን ልመልስለት አስቤ ይዤው ነበር የሄድሁት። አልተቀበለኝም፤ ተቆጣም።

«ክሩ ምን አደረገ?» አለኝ። ጅቡቲ መቆሚያ ላይ በሁለት ኪሎ ክር የሚያጠምዱት ከግማሽ ኪሎ የማያልፉትን ዓሦች ነው። ለትንሽ ዓሣ ወፍራም ክር ከያዝህ ንክሻውም አይሰማህም፣ ዓሣውም ወፍራሙን አይቶ አይጠጋም። ትልልቆቹ በሚመጡባት ሰዓት ግን ሰዎቹ ዘንግ ይቀይራሉ፤ የማይቀይረውን ሰው ሌሎቹ ይገሥጹታል። «እኔ ዘንጉን የሰጠሁህ ለቆሮሶ ነው። በክረምት፣ ነጭ ዓሣ በሚንቀሳቀስበት ጊዜ፣ በዚያ ክር ማን አጥምድ አለህ?»

እውነት አለው። ፍሬኑን ባስተካከለልኝ ቀን ስለ ቆሮሶ ሲያወራ እንደ ነበር አስታውሳለሁ፤ እኔ የሰማሁት የፈለግሁትን ብቻ ነው። ሆኖም ክርክሩ ሙሉ በሙሉ አላሳረፈኝም። አያ የጠየቁኝ ስለ ክሩ ውፍረት አልነበረም። ክሩን ሃያ ኪሎ በሚችል ብቀይረው ጥያቄያቸው እንዳለ ይቀመጣል። የማይበላውን ለምን ይይዛል? ለዚህ ጥያቄ የእህቴ ባል ዝም አለ። ቆይቶ «እኔ እበላዋለሁ» አለ። «እዚያው ሾፌሮቹ ከሰል አያይዘን ጠብሰን እንበላዋለን። ካልበላሁትማ ለምን አወጣዋለሁ?»

ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ዘንግ፣ ስለ ቋጠሮ፣ ስለ ፍሬን አውርተን ይህንን አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠያየቅንም ነበር።

ኅዳር

ክረምቱ እስኪወጣ ወደ መቆሚያው አልሄድሁም። ከእንግዲህም ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ነጭ ዓሣ ከወንዝ እስኪመለስ ድረስ አልሄድም፤ ይህን ለራሴ ወስኛለሁ። ሁለተኛ ማጠንጠኛ ገዝቼ ስድስት ኪሎ የሚችል ክር ጠመጠምሁበት። የመንጠቆዎቼን ዕሾህ በፒንሳ ደፈጠጥሁ፤ መንጠቆው ሳይቀድ እንዲወጣ። በጾም ቀን ዘንግ አላነሣም። በፍስክ ቀንም ብሆን ለእናቴና ለእኔ የሚበቃ ከያዝሁ ክሬን ጠቅልዬ እመለሳለሁ።

በኅዳር አንድ ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ወጣሁ። ባሕሩ ጠርቷል፤ ከታንኳዎቹ የሚነሣው የመቅዘፊያ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። አያ ቦታቸው ላይ ናቸው። ከነሐሴ ጀምሮ አልተያየንም ነበር። ቡና በፔርሙዝ ይዤ ነበርና ቀዳሁላቸው። ስለዚያች ዓሣ አንድም ቃል ሳያነሡ፣ በወጣትነታቸው በወንዝ አፍ ላይ መረብ ከሚጥሉ ሰዎች ጋር ይሠሩ እንደ ነበር ነገሩኝ። «ጎትተን የማንጨርስበት ሌሊት ነበር» አሉ። «ሁሉም እንቁላል ነው። ያን ጊዜ እንቁላሉን ወደ ውኃ እየጣልን ሥጋውን እናመጣ ነበር። እንቁላሉን ስንጥል ዓሣ የምንዘራ ይመስለን ነበር እኮ።» ከዚያ ወደ ባሕሩ ዞረው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። እኔም አልተናገርሁም።

ፀሐይ ወጥታ ጥቂት እንደ ቆየች ተንሳፋፊዬ ሁለት ጊዜ ተነቀነቀና ወደ ጎን ሄደ። ቆሮሶ ነው፤ ግማሽ ኪሎ ቢሞላ ነው። ሴቷ ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ ይዛ የምታሳድግ ናት፤ በዚያ ጊዜ ስለማትበላ መንጠቆም ብዙ አትነካም። ይህንን ካወቅሁ ወዲህ ቆሮሶ በያዝሁ ቁጥር መጀመሪያ የማየው አፉን ነው። ባዶ ነበር። ከነከሰበት ጊዜ አንሥቶ መቆሚያው ላይ እስኪደርስ አንድ ደቂቃ አልሞላም።

«ዛሬስ ትበላዋለህ?» አሉኝ።

«እበላዋለሁ አያ። እናቴም ትበላለች።»

«ለእናትህ ስታበስል አጥንቱን አስተውል። ዓሣ መብላት በብልሃት ነው» አሉ፤ እጃቸውን ወደ ጎናቸው ሰደዱና የወይራዋን ዱላ አቀበሉኝ።

እጀታዋ ከብዙ ዓመት መያዝ የተነሣ እንደ ቀንድ ለስልሶ ነበር። ዓሣውን በግራ እጄ በረጠበው ጆንያ ላይ ያዝሁት። ከዐይኖቹ በላይ ያለውን ቦታ በጣታቸው አሳዩኝ። አንድ ጊዜ መታሁ። ክንፎቹ ተዘረጉና ቆሙ። አያ ጆንያውን ገለጥ አድርገው የእርሳቸውን ዓሦች ወደ አንድ ጎን ገፋ ገፋ አደረጉና በጥላው በኩል ለእኔ ቦታ ለቀቁልኝ።